የአዋላጇ መኪና

መኪና ስለመግዛት ወሬ ሲነሳ ቶሎ ይደክመኛል። ባለቤቴ ሰሞኑን ከሥራ በተመለሰ ቁጥር ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ፣ «እስቲ ይቺን እያት፤ ትንሽ ናት፣ ነዳጅ አትበላም፣ የትም ትገባለች» ይለኛል። አያታለሁ። ኋላዋ ቁርጥ ያለ፣ ከመደርደሪያ ላይ የወረደ መጫወቻ የምትመስል መኪና ናት። «ጥሩ ናት» እለዋለሁ። «ጥሩ ናት ብቻ?» ይላል። ምን ልበለው? አንዲት ትንሽ መኪና እንግዛት፣ አንግዛት ሲባል በከረመበት ጊዜ ቤታችን ውስጥ የገባው ድካም እስከ ዛሬ ከትከሻዬ አልወረደም። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ገባኝ ያልኩት ነገር ሁሉ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነበር።

መኪናዋ የአዋላጇ ነበረች። አዋላጇ የሰፈራችንን ልጅ ግማሹን በእጃቸው የተቀበሉ፣ ቁመተ ረጅም፣ ድምፃቸው ወፍራም ሴት ነበሩ። እኔንም የተቀበሉኝ እሳቸው ስለሆኑ፣ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር አገጬን ያዝ አድርገው «ይቺ የእጄ ሥራ ናት» ይሉኛል። ጡረታ ወጥተው፣ ሌላ ከተማ ያለች ልጃቸው ዘንድ ጠቅልለው ሊሄዱ ስለሆነ መኪናቸውን ሊሸጡ ፈለጉ። ቀለሟ ሰናፍጭ ነው። በጎንና በጎን ሁለት በር አላት፤ ሦስተኛው በሯ ኋላዋ ላይ ሆኖ እንደ ሣጥን ክዳን ወደ ላይ ይከፈታል። የሰፈሩ ልጆች «ድንክዬ» እንላታለን። ዕድሜዋን ምጥ የያዛቸውን ሴቶች ስታመላልስ ስለኖረች ውስጧ ሳሙናና መድኃኒት ይሸት ነበር።

«ለማንም አልሰጣትም» አሉት አባቴን። «አንተ ሹፌር ነህ። አንተ እጅ ከገባች ሆዴ አይባባም።»

አባቴ በእርግጥም ሹፌር ነበር። የፋብሪካ ሠራተኞችን ጠዋት ወስዶ ማታ የሚመልስ ትልቅ ሰርቪስ ሲነዳ ነው ያደግሁት። በዚያ ዓመት ግን ሥራውን ለቀቀ። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ «ከስምሪት ኃላፊው ጋር አልተስማማንም» አለኝ፤ እኔም አይቼው የማላውቀውን ስምሪት ኃላፊ ክፉኛ ጠላሁት። ቤቱን የያዘችው እናቴ ነበረች። አንድ ሆቴል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ ትውላለች፤ ማታ ስትመጣ ጣቶቿ ጫፍ ጫፋቸው ተጨማዶ ነጭ ይሆናል። አባቴ ድንክዬን ገዝቶ ሰው በኮንትራት ሊያመላልስባት ነበር ሐሳቡ። «ከእንግዲህ አለቃዬ ራሴ ነኝ» ይል ነበር። ድንክዬ ካልተገዛች ሹፌርነቱ እዚያው ላይ እንደሚያበቃ ለእኔም ቢሆን ግልጽ ነበር። አባቴ ሹፌር ካልሆነ ደግሞ ምን እንደሚሆን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም።

ስምሪት ኃላፊው ደግ ሰው እንደነበር የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አባቴ ሰርቪሱን በፋብሪካው በር ሲያስገባ የዘበኛውን ጎጆ በአውቶቡሱ ጎን ገጭቶ ነበር፤ ዘበኛው የተረፈው ለትንሽ ነው። ሰውየው አባቴን ቢሮ ጠርቶ በሩን ዘጋና፣ «ወንድሜ፣ እኔ ሳላባርርህ አንተ ራስህ ልቀቅ» አለው። ያ ሁሉ ጥላቻዬ በከንቱ ነው የባከነው።

አዋላጇ ለጉዞ እስኪሰናዱ ድረስ ቁልፉን ለአባቴ ሰጡት። «ንዳት፣ ፈትሻት፣ ከዚያ ወስን» አሉት። አባቴ ስለ መኪና ፍተሻ የማይነቃነቅ ሕግ ነበረው። «የሚሸጥ ሰው መኪናውን በጠዋት ያሳያል፤ የሚገዛ ሰው ግን ወደ ማታ ይፈትሽ» ይላል። ጠዋት ሁሉም መኪና ደህና ነው። ሞተሩ ሲሠራ ውሎ ሲግል፣ ፀሐይ ገብታ ብርሃንና ጨለማው ሲደባለቅ፣ ያኔ ነው መኪና ጉዷን የምታወጣው። ይህን ሕግ ከእሱ የተማሩ ሹፌሮች ሰፈሩን ሞልተውት ነበር። ስለዚህ በየቀኑ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቁልፉን ያንቃጭልና «ነይ ረዳቴ» ይለኛል። ረዳት መባል! የጎረቤት ልጆች እያዩኝ የፊት ወንበር ላይ ጉብ እላለሁ፤ እግሬ ወለሉን አይነካም።

ገና በመጀመሪያው ቀን ከግቢያችን ስንወጣ የበሩን የግራ ምሰሶ ፋቅነው። አባቴ ወረደ፣ የተፋቀውን ቦታ በአውራ ጣቱ ደባበሰ፣ «የግራ መስታወቷ ይዋሻል» አለ። እኔም መስታወቱን በክፉ ዓይን አየሁት።

ከዚያ ጨዋታ ፈጠረልኝ። «እኔ ከማየቴ በፊት ያየሽውን ሁሉ ንገሪኝ» አለኝ። «ከቀደምሽኝ አሸነፍሽ።» እኔ እንደሆነ ለመለፍለፍ ለምኑኝ የምል ልጅ አልነበርኩም። «ብስክሌት በግራ! ሴትዮ ከነልጇ በቀኝ! ውሻ! ጉድጓድ!» እያልኩ ስጮህ፣ እሱ በእርጋታ መሪውን ወዲህና ወዲያ እያደረገ «ጎበዝ፣ ቀደምሽኝ። ጎበዝ፣ አሁንም ቀደምሽኝ» ይለኛል። አንድም ቀን አልተሸነፍኩም። አባቶች ልጆቻቸውን ደስ ለማሰኘት ሆን ብለው ይሸነፋሉ አይደል? እሱም እንደዚያ እያደረገ መሰለኝ፤ ስለዚህ አሳዘነኝ።

ከእያንዳንዱ ፍተሻ በኋላ መኪናዋ ላይ አዲስ እንከን ይገኛል። እንከኗን የሚያክመው የሰፈራችን መካኒክ ነው፤ አጭርና ድንቡሽ ያለ ስለነበር «ብሎን» ይሉታል፣ እሱም በስሙ አይከፋም። አባቴ «መብራቷ ደካማ ነው» ሲለው አምፖሎቿን ቀየረ። «የፊት መስታወቷ ደመና አለበት» ሲለው ቁጭ ብሎ በሳሙናና በጨርቅ እስኪያብለጨልጭ ወለወለው። «የግራ መስታወቷ ነገሩን ዘግይቶ ነው የሚያሳየኝ» ሲለው ግን ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና ሳቀ።

«አለቃ፣ መስታወት እንዴት አድርጎ ነው የሚዘገየው? እንቅልፍ ይይዘዋል?»

«እኔ ነኝ የምነግርህ። ይዘገያል።»

«ይቺ መኪና ምን በደለችህ ግን? ስትገዛት ነው ወይስ ስትከሳት የማየው?»

አባቴ አልሳቀም። «እንግዲያው ዛሬ አብረኸን ውጣ፣ ራስህ ፍረድ» አለው።

ብሎን ከኋላ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ አገጩን ይነካው ነበር። እኔ እንደ ልማዴ ከፊት። ያን ቀን፣ በሌላ ሰው ፊት አባቴን ማሸነፍ ነውር መሰለኝና አንድ ጊዜ እሱ እንዲቀድመኝ ቆረጥኩ። ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ላይ አንድ ተሸካሚ ባዶ ሣጥኖች የጫነ የእጅ ጋሪ እየገፋ ከግራ በኩል ወጣ። አየሁት። ዝም አልኩ። የአባቴን ፊት ዞር ብዬ እያየሁ «አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል» እያልኩ በሆዴ ጠበቅሁት። አባቴ ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ ሰላማዊ ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ነዳጅ ጨመር አደረገ።

«ኧረ አለቃ! ኧረ ጋሪ!» ብሎ ብሎን ከኋላ ጮኸ።

ፍሬኑ ሲያዝ ግንባሬ ከፊቴ ካለው ነገር ጋር ተላተመ። ሣጥኖቹ ኮፈኑ ላይ ተንኳኩተው ወደቁ። ተሸካሚው ምንም አልሆነም፤ ዘለግ ያለ ስድብ ሰደበንና ሣጥኖቹን መልቀም ጀመረ። አባቴ እጁን ከመሪው ላይ አላነሳም።

«ፍሬኗ ይዘገያል» አለ።

ብሎን ከኋላ ሆኖ አንዴ ጋሪውን፣ አንዴ የአባቴን ማጅራት አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አዎ» አለ። «ፍሬኗ ነው አለቃ። አይቼዋለሁ።»

ቤት ስንደርስ ብሎን ወርዶ እጁን በጨርቁ ሲጠርግ አየሁት። ምንም ያልነካ እጁን ይጠርጋል፣ ይጠርጋል። ፊቱ አመድ መስሏል። መኪናዋ ውስጥ በጣም አደገኛ ብልሽት አግኝቶ መሆን አለበት ብዬ ፈራሁ። እናቴ ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ተገናኙ፤ «ምን ሆነች ደግሞ ዛሬ?» አለችው። ብሎን መሬት መሬት እያየ፣ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው ነገሩ፣ እህቴ» አላት። እናቴ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። እኔ ደግሞ ሰፈራችን ውስጥ አህያ ያለው ማን እንደሆነ ሳስብ አመሸሁ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ አንዳንድ ነገር ተለወጠ። እናቴ ብርጭቆ፣ ሳህን፣ የጨው ዕቃ፣ ሁሉንም የጠረጴዛው መሀል ላይ መሰብሰብ ጀመረች። እኔ ብርጭቆዬን ጠርዝ ላይ ካስቀመጥኩ ምንም ሳትናገር አንስታ ወደ መሀል ታመጣዋለች። የሆቴል ሥራ ለምዶባት ነው ብዬ ታዘብኳት። ወንበር ከቦታው ከተነቃነቀ ትመልሳለች። በር ገርበብ ብሎ ከተገኘ ወይ ትዘጋዋለች ወይ ወለል አድርጋ ትከፍተዋለች። ደግሞም ዝምተኛ ሆነች። ሁለቱ ስለ መኪናዋ ተኳርፈው ነው ብዬ ደመደምኩ፤ እሱ መግዛት ይፈልጋል፣ እሷ አትፈልግም፣ በቃ። እሷ ላይ ፈረድኩባት። ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ሴት መኪና እንዴት ትጠላለች?

አንድ ጠዋት እናቴ ከሥራ ቀርታ ሁለቱም ደህና ልብሳቸውን ለብሰው ወጡ። «የመኪናዋን ጉዳይ ልንጨርስ ነው» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ በመስኮት አየኋቸው፤ እናቴ ክንዱን ይዛዋለች። ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲሄዱ አይቻቸው አላውቅም ነበርና ታርቀዋል ብዬ ደስ አለኝ። የዚያን ዕለት አባቴ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ እናቴ ከአንዲት ትንሽ ጠርሙስ ዓይኑ ውስጥ ጠብታ ስታደርግለት «ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። «አቧራ ገብቶብኝ ነው» አለ። አቧራ በየማታው ይገባበት ጀመር።

ሐኪሙ የነገራቸውን እናቴ የነገረችኝ እኔ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። የዓይን ግፊት ነው፤ ከዳርና ከዳር እየበላ ነው የመጣው፣ በተለይ በግራ በኩል፤ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ላይ ደግሞ ይብስበታል። የተበላው አይመለስም፤ የቀረውን ጠብታው ያቆየው እንደሆነ ነው። አባቴ ፊት ለፊቱ ያለውን ጥርት አድርጎ ስለሚያይ፣ የቀረበት ነገር መኖሩን ራሱም አላወቀም ነበር። የማያዩት ነገር መኖሩ በምን ይታወቃል? ሃያ ዓመት መሪ የጨበጠ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጥረው መኪናውን ነው፤ ለሙያው ታማኝ ነበርና፣ መኪናዋን የሚፈትሸው ዓይኑ በሚከዳው ሰዓት ነበር።

በእሑድ ቀን እናቴ የራሳችንን ልብስ ታጥባለች፤ በሳምንት አንድ ቀን ታርፋለች፣ እሱኑም በማጠብ። ግቢው ውስጥ ከገመድ ገመድ የተሰጡት አንሶላዎች ለእኔ ቤት ነበሩ። በአንደኛው ጥግ ተደብቄ ቁጭ ብዬ ሳለ እናትና አባቴ ከወዲያ ማዶ ሲያወሩ ሰማሁ። ነፋሱ አንሶላውን በመታው ቁጥር ግማሹ ወሬ ያመልጠኛል።

«...ቀለሟ ይሻላል» አለ አባቴ።

እናቴ የሆነ ነገር አለች፤ አልሰማሁትም።

«ጥበቷንማ ማንም አያምንም» አለ እሱ። «አንቺ ራስሽ ከመርፌ ትቀጥኛለሽ።»

እናቴ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ሳቋ መሀል ላይ ተቆረጠና፣ «እሺ፣ ቀለሟ ይሁን» አለች። «ተወው አሁን፣ ይልቅ ያንን ጫፍ ያዝልኝ።»

ሁለቱ አንሶላውን ግራና ቀኝ ይዘው ሲያጥፉ ጥላቸውን አየሁ። ታዲያ ይህ ምን ማለት ነው? ለእኔ ከፀሐይ የጠራ ነገር ነበር፤ ድንክዬ ልትገዛ ነው፣ ቀለሟ ሊቀየር ነው። በግቢው ኋላ በር ሾልኬ ወደ ብሎን ሮጥኩ። «ሰማያዊ ቀባልን» አልኩት። ብሎን ግራ ተጋብቶ አየኝና፣ «ሰማያዊማ ያምርባታል» አለ፣ ልጅን ዝም ለማሰኘት ያህል።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዋላጇ ቁርጡን ሊሰሙ መጡ። ግቢያችን ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ብሎን ድንክዬን አጥቦ አምጥቶ በሩ ላይ አቁሟት፣ ቁልፉን ለአባቴ መልሶ ነበር። አባቴ ቆሞ ነበር፤ ቅዳሜ በግማሽ ቀን የምትገባው እናቴም የነገውን ልብስ ከምትዘፈዝፍበት ተነስታ መጣች፣ ክንዷ እስከ ክርኗ እርጥብ ነው።

«እህስ?» አሉ አዋላጇ። «ሰኞ ሄጃለሁ። ወሰናችሁ?»

«እትዬ፣ አይቀየሙኝ» አለች እናቴ። «እሱ ወዷት ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ቀለሟ አልሆነኝም።»

«ቀለሟ?»

«ሰናፍጭ... እኔንጃ። አስጠላኝ።»

«እኔማ ወድጃት ነበር» አለ አባቴ። ትምህርት ቤት ተነስተን በቃል ያጠናነውን ስንል እንደምናደርገው ነበር ያለው። «የሴት ነገር ታውቁታላችሁ።»

እኔ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «እንቀባታለን አላላችሁም?» አልኩ።

«አንቺ ዝም በይ» አለች እናቴ።

«ምነው ዝም ትላለች፤ ልጅቷ ከእናንተ ትሻላለች» አሉ አዋላጇ ፊታቸው በርቶ። «ቀለም ከሆነ ችግሩ፣ እኔ ራሴ አስቀብቼ አስረክባችኋለሁ። ብሎን፣ ስንት ቀን ይፈጃል?»

ብሎን እናቴን አየ፣ አባቴን አየ። «ይቺ... ቀለም አይዝላትም እትዬ። ቆርቆሮዋ ዝጓል።»

«ሰማያዊ ያምርባታል ብለኸኝ አልነበር?» አልኩት። ብሎን እንደ ጉድ አፈጠጠብኝ። ትልልቅ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ውሸታም የሆኑበት ቀን ነበር።

የአዋላጇ ፊት ተለወጠ። «እንዲህ ከሆነ አልፈልግም ማለት ነው እንጂ» አሉ። «ስንት ነፍስ ያዳነች መኪና ዛሬ ቀለሟ አስጠላ፣ ዛሬ ዛገች። ግድ የለም። መኪናዋ ትቅር።» ተነሡ። ከዚያ ደግሞ ቆም አሉና አባቴን፣ «አንድ ነገር ግን አትከለክለኝም። የልጄ ልጆች እኔ ዘንድ ከርመው አብረውኝ ይመለሳሉ፤ ሁለት ናቸው፣ ትንንሾች ናቸው። ሰኞ ከሰዓት ተነስተን መሸት ሲል እንገባለን። አንተ ይቺኑ ንዳና አድርሰን። እኔ ዕድሜዬም ጉልበቴም አይፈቅድልኝም። ይሄንንም ቀለሟ ይከለክልሃል?» አሉት።

እናቴ ከአባቴ ኋላ ቆማ ራሷን በጣም በትንሹ ስትነቀንቅ አየኋት። አባቴ ግን ሕይወቱን ሙሉ የሰው ፊት ማጥቆር የማይችል ሰው ነበር፤ ልጁን በእጃቸው የተቀበሉለትን ሴት፣ አሁን ደግሞ ያስቀየማቸውን ሴት፣ ሁለተኛ እምቢ ይበላቸው? ይሉኝታ የማይከተን ገደል የለም።

«እሺ» አለ። «አደርስዎታለሁ።»

«አንተ» አለች እናቴ። በጣም ቀስ ብላ ነው ያለችው። ድምጿ ውስጥ የነበረውን ነገር ዛሬ አውቀዋለሁ፤ አንዲት አሮጊት፣ ሁለት ሕፃናትና ባሏ፣ በምሽት፣ በረጅም መንገድ። የዚያን ጊዜ ግን የሰማሁት ቁጣ ነበር፤ እንዳይሄድ ልትከለክለው ነው ብዬ ፈራሁ። ደግሞም ሩቅ ከተማ አይቼ አላውቅም።

«እኔም እሄዳለሁ!» አልኩ ወደ መሀል ገብቼ።

«አንቺ ቦታ የለሽም የኔ ልጅ» አሉ አዋላጇ።

«ያለ እኔማ መንዳት አይችልም። ረዳቱ ነኝ። ግራና ቀኙን የምነግረው እኔ ነኝ፤ እኔ ካልነገርኩት አያይም። ያን ቀን ጋሪውን ሳልነግረው ቀርቼ ልንገጨው ነበር። ብሎንን ጠይቁት።»

ብሎን ጫማውን ያያል። እናቴ እርጥብ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። እኔ በኩራት ደረቴን ነፍቼ አንድ ሰው እንዲያመሰግነኝ እጠብቃለሁ።

አዋላጇ እግራቸውን ሳያሰሙ ዞረው ከአባቴ በስተግራ ቆሙ። ቀኝ እጃቸውን ከጆሮው ራቅ አድርገው ከፍ አደረጉ፣ ሁለት ጣታቸውን ቀስረው። በጥፊ ሊመቱት ነው ብዬ ልጮህ ነበር። አባቴ ዝም ብሎ ፊት ለፊቱን፣ እሳቸው ቀደም ሲል የነበሩበትን በርጩማ ያያል። እጃቸው አልመታውም፤ ጣቶቻቸው ተንቀሳቀሱ፣ ወደ ፊት መጡ፣ ወደ ኋላ ሄዱ። አባቴ አልዞረም። አዋላጇ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉት።

አባቴ ድምፃቸው ከግራው ሲመጣበት ደነገጠ። ከዚያ ገባው። «ቆይቷል» አለ።

«ሐኪም አይቶሃል?»

«አይቶኛል። የሄደው አይመለስም ነው የሚሉት።»

«ታዲያ እሺ የምትለኝ ምን ሆነህ ነው?»

«እንጃ እትዬ» አለ አባቴ። ትከሻው ወረደ። «ደክሞኛል። እውነቴን ነው፣ ደክሞኛል።»

አባቴ ሲደክመው አይቼ አውቃለሁ፤ ደከመኝ ሲል ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ዘረጋላቸው። አዋላጇ ቁልፉን ከነእጁ ይዘው በርጩማው ላይ አስቀመጡት፤ ምጥ የያዛትን ሴት እንደሚያስቀምጡ፣ ሳይቸኩሉ። ብሎን፣ «ሰኞ እኔ አደርስዎታለሁ» ብሎ አጉተመተመ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

እናቴ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ጀመር። እርጥብ ክንዷን ጉልበቷ ላይ ጥላ፣ ሳትደበቅ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። መኪናዋ ስለቀረችባት መስሎኝ ተጠግቼ ጀርባዋን መታ መታ አደረግኋት። «አታልቅሺ እማዬ» አልኳት። «ሌላ ቀለም ያላት እናገኛለን።»

ከብዙ ዓመት በኋላ ስለዚያ ለቅሶ ጠይቄያታለሁ። ወጥ ቤት ቆመን ዕቃ እያጠብን ነበር። «አርፌ ነው ያለቀስኩት» አለችኝ። «ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ሰው ስትገጩ ነበር የማየው። በዚያ ላይ ስለ ቀለም መዋሸት። ውሸትም እኮ ሥራ ነው፤ እኔ ደግሞ ሥራ በዝቶብኝ ነበር።» ከዚያ ሳህኑን አቀበለችኝ።

የዚያን ቀን ግን በርጩማው ላይ የተቀመጠው አባቴ ራሱን ቀና አደረገ። ከዚያ በፊት የሚፈልገውን ነገር ሁሉ ፈልጎ እስኪያገኘው ዝም ብሎ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነበር፤ የት እንዳለ ማንንም አይጠይቅም።

«ልጄ የት ናት?» አለ። «የት ነሽ?»

«እዚህ ነኝ። ከግራህ።»

«ነይ ወደ ፊቴ። እስቲ ልይሽ።»

ሄጄ ጉልበቶቹ መሀል ቆምኩ። ትከሻዬን ይዞ ዝም ብሎ ያየኝ ጀመር፤ ግንባሬን፣ ዓይኖቼን፣ ጥርሴን፣ እንደገና ግንባሬን። እንዲህ ብሎ አይቶኝ አያውቅም። ፊቴ ላይ የሆነ ነገር የተለጠፈ መስሎኝ ጉንጬን በእጅጌዬ ጠረግሁ።